የፋቶሪኖው ጥልፍ

አስገዶም ፋቶሪኖ ነበር። አስመራ ውስጥ በአውቶቡስ ትኬት የሚቆርጠውን ሰው እንዲህ ነው የሚሉት። ከመሀል ከተማ ወደ ጎዳይፍ ሰፈር በሚመላለሰው አውቶቡስ የኋላ በር ላይ ቆሞ ለአሥራ አንድ ዓመት ትኬት ቆርጧል። ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ወፍራም ሰው ነበር። ፌርማታ ደርሶ ሲጣራ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ይሰማል፤ የጎዳይፍ እናቶች ልጆቻቸውን ለትምህርት ቤት የሚቀሰቅሱት በሱ ድምፅ ነበር ይባላል። በድምፁ እንጂ በእጁ ሥራ ስሙ ይነሣል ብሎ ያሰበ ማንም አልነበረም። እሱም ራሱ አላሰበም።

በ1956 ዓ.ም. ክረምት፣ ሐምሌ ውስጥ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዶፍ ይጥላል። አውቶቡሱ ገና ሳይቆም እንደ ልማዱ ከበሩ ዘሎ ወረደ። መንገዱ አዳለጠው። ወድቆ ሳይነሣ ከኋላ ይመጣ የነበረ የፈረስ ጋሪ እግሩ ላይ ወጣ። የቀኝ ጭኑ አጥንት ሁለት ቦታ ተሰበረ። ሆስፒታል አስገብተው እግሩን በገመድና በክብደት ወደ ላይ ሰቅለው አስተኙት፤ ሐኪሙም «ስድስት ወር፣ ምናልባት ሰባት» አለው።

አስገዶም ታሞ አያውቅም፤ መተኛትም አያውቅም። በሁለተኛው ሳምንት ጣሪያው ላይ ያሉትን ስንጥቆች ሁሉ አውቆ ጨረሰ። በሦስተኛው ሳምንት ነርሶቹን መነዝነዝ ጀመረ። ሚስቱ ትርሓስ ከፋብሪካ ሥራዋ ስትወጣ ምሳ ዕቃ ይዛ ትመጣለች፤ እሷ ስትሄድ ደግሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል።

ከአጠገቡ ባለው አልጋ ላይ ባሻይ ሃብተሚካኤል የሚባሉ የኩላሊት በሽተኛ ሽማግሌ ተኝተው ነበር። ዕድሜያቸው ከሰባ አልፏል። አርባ ዓመት ሙሉ የካህናት ካባና የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ሲጠልፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ትራሳቸው ሥር በነጭ መሐረብ የተጠቀለለ ነገር ነበራቸው። አንድ ቀን ፈቱት። ከነጭ ፖፕሊን የተሰፋች፣ ከክንድ የማትበልጥ ቀሚስ ናት፤ ደረቷ ላይ መስቀል ተጀምሮ ግማሹ ቀርቷል። የልጅ ልጃቸው ልትወልድ ደርሳ ነበርና የክርስትና ልብሱን እሳቸው ሊሰጡ ነው። መርፌውን አነሡ፤ እጃቸው ተንቀጠቀጠ። እንደገና ሞከሩ። ከዚያ ልብሱን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና ወደ አስገዶም ዞሩ።

«አንተ ፋቶሪኖ» አሉ። «ዐይንህ ደህና ነው?»

«ዐይኔ ደህና ነው ባሻይ። የተሰበረው እግሬ ነው።»

«እጅህስ?»

«እጄም ደህና ነው።»

«እንግዲያ ለምን ትለግማለህ? እንካ!»

አስገዶም ሳቀ። «ባሻይ፣ ይሄ የሴት ሥራ ነው» አላቸው።

ሽማግሌው አልሳቁም። «ቄስህ በጥምቀት ቀን የሚለብሰውን ካባ ማን የጠለፈው መሰለህ? ሚስቴ? እኔ ነኝ። ከኔ በፊት አባቴ ነው። ሥራ ፈት ሆነህ ግድግዳ ስታይ ከምትውል ተቀበለኝ።»

ተቀበላቸው። መጀመሪያ አሮጌ ጨርቅ ላይ አለማመዱት። ክሩ ተቋጠረበት፣ ጣቱን ወጋው፣ ጨርቁ ተጨማደደ። ባሻይ አራት ጊዜ አስፈቱት። «እንደ በሬ አትጎትተው፤ ክሩን እንደ እንግዳ ሸኘው» ይሉታል። ያ ትኬት ሲቆርጥ የኖረ ወፍራም ጣት ከሁለት ሳምንት በኋላ የሰንሰለት ስፌት ቀጥ አድርጎ መስፋት ጀመረ። በወሩ ሽማግሌው እውነተኛውን ልብስ ሰጡት። እሳቸው በቃል ይመራሉ፣ እሱ ይጠልፋል። ነርሶቹ ነዝናዛው በሽተኛ ምን ነካው ብለው እየመጡ ያዩት ነበር።

ልጁ ተወለደ፤ ወንድ ነው። በአርባ ቀኑ ክርስትና እንደተነሣ ቤተሰቡ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ሆስፒታል ይዘውት መጡ። ባሻይ ሕፃኑን ታቀፉት። በአውራ ጣታቸው ደረቱ ላይ ያለውን ጥልፍ ቀስ አድርገው ዳሰሱት። ዘመዶቻቸው «እጅዎ ይባረክ አቦይ፣ አባታችን» ሲሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «የኔ አይደለም። የሱ ነው» ብለው ወደ አስገዶም ጠቆሙ። ትርሓስ በዚያ ቀን እዚያው ነበረች። ባሏ እንደ ልጅ ሲያፍር ያየችው ያኔ ብቻ ነው ትላለች።

ባሻይ ለገና ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ በፋሲካ ሰሞን ዐረፉ። ከመሄዳቸው በፊት መርፌዎቻቸው ያሉባትን የቆርቆሮ ሣጥን ለአስገዶም ሰጡት። አንድ አደራም አሉት፦ «ለካባ ዋጋ ቁረጥ። ለክርስትና ልብስ ግን ዋጋ አትቁረጥለት። እሱ ስጦታ ነው።»

አስገዶም እያነከሰ ወደ ሥራው ተመለሰ። ቀኑን ሙሉ መቆም ስለማይችል ከኋላ በር አጠገብ የምትታጠፍ ወንበር ተደረገችለት። አውቶቡሱ የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ቆሞ ሰው እስኪሞላ ድረስ ከኪሱ ጨርቁን አውጥቶ ይጠልፋል። ሹፌሩ ንጋሲ በመስተዋቱ እያየው «ሳርታ! ለኔስ ቀሚስ አትሰፊልኝም?» ይለዋል። ሳርታ በጣሊያንኛ ልብስ ሰፊ ሴት ማለት ነው። ተሳፋሪው ይስቃል፤ አስገዶምም አብሮ ይስቃል። አያፍርም ነበር። አርባ ዓመት ከጠለፉ ሰው ተምሯላ።

በሰፈሩ ልጅ ሲወለድ ለወንድ በአርባ ቀኑ፣ ለሴት በሰማንያ ቀኗ የአስገዶም ልብስ ይደርሳል። በሁለት ዓመት ውስጥ ሃያ ሁለት ልጆች ለብሰውለታል። ሰዎች ገንዘብ ሲሰጡት እንቢ ይላል፤ ዳቦ ከሰጡት ይወስዳል።

ይህ ሁሉ ሲሆን የከፋት ትርሓስ ነበረች። የምትሠራው በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው፤ ክር ስትጠቀልል ትውላለች። ቤቷ ስትገባም ክር ይጠብቃታል። ነገር ግን የከፋት ስለ ክሩ አልነበረም። ከተጋቡ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር፤ ልጅ አልመጣም። ጠበል ተጠመቁ፣ ሐኪም ጋ ሄዱ፣ ተሳሉ። አልመጣም። እና ባሏ በየወሩ የሰው ልጅ ቀሚስ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ይቀመጣል።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አላስቻላትም። «ከዚህ ቤት ስንት ልብስ ወጣ?» አለችው።

«አልቆጠርኩም።»

«እኔ ቆጥሬያለሁ። ሃያ ሁለት። ሁሉም ወጣ። አንድም እዚህ አልቀረም።»

አስገዶም መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክቶ አያት። እሷም መልስ አልጠበቀችም፤ ተነሥታ ውሃ ልትቀዳ ወጣች።

ሃያ ሦስተኛው ልብስ የተሰፋው ለወይዘሮ ለተገብርኤል የልጅ ልጅ ነው። ወይዘሮ ለተገብርኤል በዕድሜ የገፉ፣ የተከበሩ፣ ሰፈር ውስጥ ነገር ሲበላሽ የሚያስታርቁ መበለት ናቸው። ልብሱን ሲቀበሉ እየመረቁ ነው የተቀበሉት። በሦስተኛው ቀን ግን አስገዶም ሥራ ላይ እያለ ነጠላቸው ሥር አንድ ጥቅል ይዘው ብቻቸውን መጡ። ትርሓስ ወንበር ብታቀርብላቸውም አልተቀመጡም።

«ትርሓስ ልጄ፣ አትቀየሚኝ» አሉ። «እኔ አይደለሁም፤ ምራቴ ናት። ሁለት ልጅ ሞቶባታል። ፈራች። ሰው የሚለውን ታውቂያለሽ።»

«ሰው ምን ይላል አደይ?» አለች ትርሓስ። እናቴ ማለቷ ነው፤ እስከዚያ ቀን የምትጠራቸው እንደዚያ ነበር።

ወይዘሮ ለተገብርኤል መሬት መሬት አዩ። «ያልወለደ ሰው የሰፋው ልብስ… ዐይን ያርፍበታል ይላሉ። ለሕፃን ጥሩ አይደለም ይላሉ።»

ትርሓስ ጥቅሉን ተቀበለች። «እሺ» አለች። ለተገብርኤል ከወጡ በኋላ ልብሱን ገልጣ አየችው። መስቀሉ፣ በዙሪያው ያሉት ትንንሽ አበቦች፣ የእጅጌው ጫፍ፣ ሁሉም እንደነበረ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥልፉን በደንብ ያየችው ያን ቀን መሆኑን በኋላ ትናገራለች። እያንዳንዷን ስፌት አየች፤ ከዚያ አለቀሰች።

አስገዶም ማታ ሲገባ ነገረችው። አልተቆጣም። የቆርቆሮ ሣጥኗን አንሥቶ ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀመጣት። ልብሱን ትርሓስ ሻንጣ ውስጥ ከተተችው። «ሳርታ» ሲባል ይስቅ የነበረው ሰው ከዚያን ቀን ጀምሮ ጨርቅ በእጁ አልነካም። የመጨረሻው ፌርማታ ላይ እጁን አጣምሮ ይቀመጣል። ንጋሲ እንኳን መቀለዱን ተወ። ትርሓስ ደግሞ ያ የጠላችው ክርና ጨርቅ ከቤቷ ሲጠፋ ቤቱ ባዶ ሆነባት። ማታ ማታ ሁለቱም ሬዲዮኑን እያዩ ይቀመጣሉ።

ወራት አለፉ። በ1959 ክረምት ከነሱ ግቢ ፊት ለፊት ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ዘነቡ የምትባል ወጣት ሴት ተከራይታ ገባች። አገሯ ደብረ ታቦር ነው። ባሏ አስር አለቃ አስፋው የጦር ሠራዊት ወታደር ነበር፤ እሷን እዚያ አስገብቶ በሳምንቱ ሸማቂዎችን ሊወጋ ወደ ባርካ ቆላ ዘመተ። ዘነቡ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ትግርኛ አንድ ቃል አታውቅም።

ያ ዘመን በአስመራ ለወታደር ሚስት ጥሩ ዘመን አልነበረም። ማንም አይሰድባትም፤ ማንም አያናግራትም። ቧንቧው ጋ ስትደርስ ወሬው ይቆማል፤ ውሃዋን ቀድታ ስትሄድ ይቀጥላል። ትርሓስም ፊቷን ካዞሩት አንዷ ነበረች። ምክንያት ነበራት። ታናሽ ወንድሟ ኣስፍሃ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር፤ ተማሪዎች ባነሡት አድማ ተይዞ ሁለት ወር ታስሮ ሲወጣ ከስቶ፣ ቃል ሳይተነፍስ ነው የተመለሰው። ከዚያ ወዲህ የካኪ ልብስ ስታይ መንገድ ትቀይራለች።

በመስከረም መጨረሻ፣ እሑድ ረፋድ ላይ፣ ትርሓስ ልብስ ስታጥብ ከፊት ለፊቱ ክፍል ጩኸት ሰማች። ቆም አለች። ሌላ ጩኸት ተከተለ። ግቢው ውስጥ የነበሩት ሴቶች እርስ በርሳቸው ተያዩ። ትርሓስ ለአፍታ አረፋ የነካ እጇን ይዛ እንደቆመች ቀረች፤ ከዚያ መንገዱን ተሻግራ በሩን ገፍታ ገባች።

ዘነቡ መሬት ላይ ተንበርክካ አልጋውን ጨብጣለች። «እናቴ!» ትላለች፤ «እናቴ!»

«አይዞሽ፣ እኔ አለሁ» አለች ትርሓስ በተሰባበረ አማርኛ። በሩ ላይ ወጥታ በሙሉ ድምፅ ባሏን ጠራች፤ አስገዶም እያነከሰ ዋናው መንገድ ድረስ ሮጦ በታክሲ አዋላጅ ይዞ መጣ። አዋላጇ ስትደርስ ግን ሕፃኗ በትርሓስ እጅ ላይ ነበረች። ሴት ናት። ጤነኛ ናት።

ከዚያ ቀን በኋላ ፊት ማዞር አልተቻለም። በእጅሽ የተቀበልሽውን ልጅ እንዴት እንዳላየሽ ታልፊያለሽ? ትርሓስ ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ ገዓት ሠርታ ትተውላታለች። ገዓት የነሱ ገንፎ ነው፤ ዘነቡም «ይኼማ የኛ ገንፎ ነው፤ ቅቤው ብቻ በዛ» ብላ ሳቀች። ወይ በአማርኛ ወይ በትግርኛ፣ ካልሆነም በእጅ፣ መግባባት ጀመሩ። ቧንቧው ጋ አንዳንድ ሴቶች ለትርሓስም ዝም አሏት። አልገደዳትም።

በኅዳር አጋማሽ አንድ ቅዳሜ ትርሓስ ብል እንዳይበላቸው የሻንጣውን ልብሶች አውጥታ ገመድ ላይ ሰቀለች። ዘነቡ ሕፃኗን አዝላ ለሻይ መጣች። የሕፃን ልብሱን አየችና ጫፉን ያዘች።

«እትዬ ትርሓስ፣ ይኼ የማን ነው?»

«የማንም።»

«እንዴት የማንም ይሆናል? እንዲህ ያለ የእጅ ሥራ!»

ትርሓስ ለመዋሸት አሰበች፤ ከዚያ ተወችው። ተቀምጣ ሁሉንም ነገረቻት፤ ስለ ሆስፒታሉ፣ ስለ ሃያ ሁለቱ ልጆች፣ ስለ ለተገብርኤልና ስለ ተመለሰው ጥቅል። «መካን ነን አሉ» አለች። «የመካን ስፌት ለልጅ ጽቡቕ ኣይኮነን፣ ጥሩ አይደለም አሉ።»

ዘነቡ ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ትርሓስ ጭን ላይ አስቀመጠቻት።

«ይቺን ማን ተቀበላት?» አለች።

«እኔ።»

«ከተወለደች ጀምሮ ታማ ታውቃለች? አንድ ቀን እንኳ?»

«ኣይፋልን፤ የለም።»

«እንግዲያስ ስሚኝ እትዬ። ሰማንያ ቀኗ በታኅሣሥ ይሞላል። እዚህ አገር ክርስትና የሚያነሣልኝ ዘመድ የለኝም። አንቺ አንሺልኝ። የክርስትና እናቷ ሁኚ።»

የክርስትና እናትነት ቀላል ነገር አይደለም። እንደ ሥጋ ዝምድና ነው፤ ጋብቻ እንኳ የሚከለክል ዝምድና። ትርሓስ «እወ»፣ አዎ፣ ልትል ቃሉ አፏ ድረስ መጣ፤ ግን ኣስፍሃ ታሰባት። «ሁለት ቀን ስጪኝ» አለቻት።

ኣስፍሃ በማግስቱ ምሳ ሊበላ ሲመጣ ነገረችው። ወጣቱ እጁን ከማዕዱ አነሣ።

«አባቷ ወታደር ነው» አለ።

«አውቃለሁ።»

«እኔ ቤተ ክርስቲያን አልመጣም፤ አልችልም። አትጥሪኝ።» ከዚያ ድምፁ ለዘብ አለ። «አንቺን ግን አልከለክልሽም። ሕፃኗ ምን አደረገችኝ?»

አስገዶም ይህን ሁሉ ጥግ ላይ ተቀምጦ ይሰማ ነበር። ተነሣ፤ ቁም ሣጥኑ ላይ እጁን ሰዶ የቆርቆሮ ሣጥኗን አወረደና አቧራውን በእጅጌው ጠረገ።

«ልብሱ እኮ አለ» አለችው ትርሓስ። «ሻንጣው ውስጥ ነው።»

«እሱን አልሰጥም» አለ። «የተመለሰ ልብስ ለልጃችን አይሆንም። አዲስ እሰፋለሁ።»

ልጃችን አለ። ያለውን እሱ የሰማው አይመስልም፤ ክር እየፈለገ ነበር። ትርሓስ ግን ሰምታለች፤ ደግማም አላስባለችውም፣ እንዳይጠፋባት ፈርታ።

ጊዜው አጭር ነበር፤ እጁም ደንዝዟል። የመጀመሪያውን መስቀል ጠልፎ ሦስት ጊዜ ፈታው። ዘነቡን «ያገርሽ ቤተ ክርስቲያን መስቀል ምን ይመስላል?» ሲላት ትሪ ላይ ዱቄት በትና በጣቷ ሣለችለት፤ ጫፎቹ ሦስት ሦስት ቅጠል ያሏቸው፣ መሀሉ ክፍት የሆነ መስቀል። እሱን በደረቷ በኩል ጠለፈው። ባሻይ ያስተማሩትን ደግሞ በጀርባዋ። ጊዜ እንዳያጥረው ትርሓስ ጨርቁን ትወጥርለት፣ ጠርዙንም ትለቅምለት ጀመር። አውቶቡሱ ውስጥ ሲጠልፍ ንጋሲ በመስተዋቱ አየው፤ የመጨረሻው ፌርማታ ላይ አምስት ደቂቃ ጨምሮ ቆመለት።

በክርስትናው ዋዜማ አስር አለቃ አስፋው የአራት ቀን ፈቃድ አግኝቶ ከቆላ መጣ። ከስቷል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ልጁን ያያት ያን ቀን ነው። አስገዶም ልብሱን ሲዘረጋለት ወታደሩ ጥቁር ጥፍሩን አይቶ እጁን ወደ ኋላ መለሰ። «አላቆሽሸውም ጋሼ፤ በዐይኔ ይበቃኛል» አለ።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ትርሓስ ሕፃኗን ታቅፋ ቆመች። ሕፃኗ ውሃው ሲነካት ጮኸች፤ ማዕተብ ሲታሰርላት ዝም አለች፤ አዲሱን ልብስ ሲያለብሷት የጥልፉን ጫፍ አፏ ውስጥ ከተተች። የክርስትና ስሟ ወለተ ማርያም ተባለ። የቤት ስሟን ዘነቡ ለትርሓስ ተወችላት። ትርሓስም ኣምለሰት፣ የመለሰች፣ አለቻት።

ዘነቡ ለድግሱ ያዘጋጀችው ለስድስት ሰው ነበር፤ ከዚያ በላይ ሰው አልጠበቀችም። መጀመሪያ ንጋሲ ከነሚስቱ መጣ። ከዚያ ግቢው ውስጥ ያሉት ሁለት ሴቶች ጠላ ይዘው መጡ። ከዚያ በሩ ላይ ወይዘሮ ለተገብርኤል ቆሙ። በአንድ እጃቸው ሕምባሻ፣ በሌላው የልጅ ልጃቸውን ይዘዋል፤ ልጁ መዳኽ ጀምሯል።

«ልብሱን ልጠይቅ አልመጣሁም» አሉ ወደ ትርሓስ እያዩ። «ይቅርታ ልጠይቅ ነው። ያን ቀን ምራቴን ሰበብ አደረግሁ። የፈራሁት እኔ ነኝ። ዓመት ሙሉ በደጅሽ ሳልፍ ቀና ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።»

ያን ቀን የተናገሩት ቃል አሁንም ትርሓስን ያማት ነበር፤ የማያማት መስላ ልትታይም አልፈለገች። ከዚያ አግዳሚው ላይ ተጠግታ ቦታ ለቀቀችላቸው። «ይቀመጡ አደይ» አለች። ለተገብርኤል ተቀመጡ። የልጅ ልጃቸው ወለሉ ላይ እየዳኸ ወደ አስገዶም ሄደና የሱሪውን እግር ይዞ ለመቆም ታገለ።

ወደ ማታ ላይ ሰዎች ሲበተኑ ኣስፍሃ በሩ ላይ ብቅ አለ። አልገባም። ዘነቡ ወጥታ ጨበጠችው፤ እንጀራና ወጥ በሳህን ሰጠችው፤ እዚያው ደጃፍ ላይ ቆሞ በላ። አስፋው ከውስጥ ወንበሩን ይዞ ተነሥቶ ነበር፤ ይሂድ አይሂድ ሳያውቅ ቆመ። ሁለቱ ወጣቶች በዕድሜ እኩያ ነበሩ። አንገታቸውን ነቅንቀው ሰላምታ ተለዋወጡ፤ በዚያ ቀን ከዚያ በላይ አልሆነም። የተመለሰውን ልብስ ደግሞ ትርሓስ በማግስቱ ወስዳ ለቄሱ ሰጠችው፤ ልብስ ለሌለው ሕፃን እንዲሆን።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ሁሉም ደግ አልነበረም። ኣስፍሃ በ1961 አንድ ጠዋት ከቤት ወጥቶ አልተመለሰም። ከሸማቂዎቹ ጋር በረሃ እንደገባ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ማንም አይናገርም። ትርሓስ ለብዙ ቀን አለቀሰች፤ አጠገቧ ተቀምጣ አብራት ያለቀሰችው ዘነቡ ነበረች። በተከታዩ ዓመት አስፋው ትከሻው ላይ ቆስሎ ከሠራዊቱ ተሰናበተ። ደብረ ታቦር ሊመለሱ ዕቃቸውን አስረው ሳሉ ዘነቡ ኣምለሰትን ከትርሓስ እጅ መውሰድ አቃታት፤ ተቀምጣ የታሰረውን ዕቃ ፈታችው። አስፋው አስመራ ውስጥ የአንድ ፋብሪካ ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። አስገዶምና ትርሓስ የራሳቸውን ልጅ አልወለዱም። ግን ልጅቷ ጠዋት በአንዱ ቤት፣ ማታ በሌላው ስታድግ፣ በአንዱ በር አማርኛ ስታወራ በሌላው ትግርኛ ስትቀላቅል፣ ሰው ሲጠይቃት «ሁለት እናት አለኝ» ትል ነበር።

አስገዶም መጥለፉን አላቆመም። ለክርስትና በነፃ ይሰፋል፤ ለሠርግ ካባ ደግሞ ዋጋ ይቆርጣል። ትርሓስ ከፋብሪካው ስትወጣ ጠርዝ ትለቅማለች፤ ቆይታ አበባውን ራሷ መጥለፍ ጀመረች፤ ከሱ ይልቅ የሷ ቀጭን ነው ይላሉ ያዩት። ኣምለሰት አምስት ዓመት ሲሞላት አስገዶም መርፌና ጨርቅ ሰጥቶ አስቀመጣት። አሥር ደቂቃ ተቀመጠች። አሥራ አንደኛው ላይ መርፌው ጠፋ፤ እሷም አልተገኘችም። ሁለተኛ ጊዜ ሞከረ፤ ሦስተኛ ጊዜ ሞከረ። ልጅቷ ክር አትወድም። የምትወደው ብሽክሌታ ነው፤ በአስመራ አነጋገር ብስክሌት።

«ሴት ልጅ በብሽክሌታ?» አለች ዘነቡ።

«ወንድ ልጅ በመርፌስ?» አላት አስገዶም፤ ነገሩ በዚሁ ተዘጋ።

በ1966 ከጥምቀት በኋላ ባለ አንድ እሑድ ከገበያ ያገለገለች ትንሽ ቀይ ብሽክሌታ ገዝቶ መጣ። ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው መንገድ፣ መኪና በሌለበት ሰዓት፣ አስገዶም ኮርቻውን ይዞ እያነከሰ ከኋላዋ ይሮጣል። ሁለቱ እናቶች ከመንገዱ ዳር ቆመዋል። «ቀስ በይ!» ትላለች አንዷ በአማርኛ። «ቀጥ በሊ!» ትላለች ሌላዋ በትግርኛ። ከተወሰነ ርቀት በኋላ አስገዶም ትንፋሽ አጠረውና ኮርቻውን ለቀቀ። ልጅቷ አላወቀችም። ሄደች፤ ከአናጢው ሱቅ አልፋ ሄደች፤ መታጠፊያው ጋ ደርሳ ዞረች። መንዳት እንጂ ማቆም አልተማረችም ነበርና እየጮኸች፣ እየሳቀች፣ በሙሉ ፍጥነት ወደነሱ ተመለሰች። ሦስቱም መንገዱ መሀል ገብተው ጎን ለጎን ቆሙና እጃቸውን ዘረጉ።